ኮምፓይለር የደራረበው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ኮምፒውተር ዱር በገባበት ዘመን፣ ጅብና ቀበሮ ጎን ለጎን ሱቅ ከፍተው ፕሮግራም ይሠሩ ነበር። ጅብ የነበረው አንድ ያረጀ ኮምፓይለር ብቻ ነው። ኮምፓይለር ማለት እንስሳቱ የጻፉትን ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጥ ነው፤ ለአሮጌው የተጻፈ ደግሞ በአዲሱ እሺ አይልም። ቀበሮ ግን የድሮውንም፣ መካከለኛውንም፣ አዲሱንም አንድ ኮምፒውተር ላይ ጭና ነበር። ዝንጀሮ ትናንት የጻፈውን፣ ኤሊ ከአያቷ የወረሰችውን ይዘው ቢመጡ ሁሉንም ታስተናግዳለች።

ጅብን ቅናት ያንገበግበው ጀመር። እንስሳቱ ሁሉ ውሃ የሚጠጡበትን የምንጭ በር የሚከፍተውና የሚዘጋው የአንበሳ ፕሮግራም እኮ በእሱ እጅ ነበር፤ በድሮው ኮምፓይለር የተሠራ ስለሆነ ንጉሡ ከእሱ ሌላ ማንንም አያስነካም። ይህን የመሰለ ክብር ይዞ ዓይኑ ከቀበሮ ደጅ አልነቀል አለ። ምግብ እንኳ አስጠላው፤ ለጅብ ይህ ቀላል በሽታ አይደለም።

በመጨረሻ እያቅማማ ሄደና ኮምፓይለሮቹን እንድታካፍለው ለመናት። ቀበሮ ቅናቱን ከፊቱ ላይ አየችና ፈገግ አለች።

«ውሰድ፣ አያ ጅቦ። አቀማመጡንስ ላሳይህ?»

«ያንቺን ያህል ይኑረኝ እንጂ ሌላውን አውቅበታለሁ።»

ቀበሮም ኮምፓይለሮቹን ገልብጣ ሰጠችው። እሷ እያንዳንዱን በየራሱ ፎልደር፣ በየራሱ ስም ነበር የምታስቀምጠው። ጅብ ግን እንደ ልማዱ ሁሉንም በአንዴ አጎረው፤ ያውም የድሮው ባለበት ፎልደር። ኮምፒውተሩ «ነባሩ ፋይል ይተካ?» እያለ ሲጠይቀው፣ ቶሎ ከቀበሮ እኩል ለመሆን እየቸኮለ «አዎ፣ አዎ» ይል ነበር።

በጋው ሲጠና ምንጩ ቀነሰ። አንበሳ ውሃው ለሁሉም እንዲዳረስ የበሩን ሰዓት እንዲለውጥ ጅብን አዘዘው። ጅብ ቢሞክር፣ ቢሞክር አልሆነም፤ ኮምፓይለሩ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ሆኖ ለአንዱም አልጠቀመ።

«የድሮው የት ሄደ?» አለ አንበሳ።

«አዲሱ በላው፣ ጌታዬ።»

«አንተስ ምን ስትሠራ ነበር?»

ጅብ አንገቱን ደፋ። «የቀበሮን ስቆጥር።»

አንበሳ ፕሮግራሙን ይዞ ወደ ጎረቤት ተሻገረ። ቀበሮ በድሮው ኮምፓይለር ሰዓቱን አስተካከለች፤ በሩም ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የምንጩ በር በእሷ እጅ ሆነ። ጅብም ውሃ ሲጠማው የሚሰለፈው እሷ በምትከፍተው በር ፊት ነው፤ እየጠጣም ውስጡ ይቃጠላል።

ከዚህ የምንማረው የሌላው ሀብት ሲያስቀናን ብዛቱን ብቻ አይተን አያያዙን ሳንጠይቅ ከተሻማን፣ በእጃችን ያለውንም እንደምናጣ ነው።