የተላቀቀው የዳዊት ሽፋን

እግዜር ድሃን ጉልበት ቢነሳው አንደበት አይነሳውም። አንድ መጽሐፍ ደጓሽ የፊታውራሪ አጥናፌን ዳዊት ቆዳ ሊያለብስ ተጠራ። ቆዳው የሚለጠፍበትን የዋንዛ እንጨት ገበታ ልጎ ሲያበቃ፣ ሙጫው እንዲይዝለት በጩቤ ጫር ጫር ያደርገው ጀመር።

«እንጨቴ ምን በደለህና ትቧጭረዋለህ?» አሉት ፊታውራሪ። «እንደ መስታወት እስኪያበራ ልገህ ለጥፍ።»

«ጌታዬ፣ ለስላሳ ላይ ሙጫ አይይዝም» ቢል ማን ሰምቶት። እንደታዘዘው ለጠፈ። ፊታውራሪ ዳዊታቸውን ለእንግዶቻቸው ሊያሳዩ ብድግ ቢያደርጉት ቆዳው ተላቅቆ እግራቸው ስር ወደቀ።

ደጓሹን አስቀረቡት። «ወይ ሙጫህ የማይረባ ነው፣ ወይ የኔ ትእዛዝ ስሕተት ነው። የቱ ነው?»

ሙጫዬ ነው ቢል ጅራፍ፣ ትእዛዝዎ ነው ቢል እግር ብረት። በልቡ አቡነ ዘበሰማያት ደገመና እጅ ነሳ።

«ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ጌታዬ። ጥፋቱ የቆዳው ነው። የፍየል ቆዳ አይደል፣ ገበታው ቢያበራበት መልኩን አየና ሌላ ፍየል የመጣበት መስሎት ሸሸ።»

ፊታውራሪ ሳቃቸው አመለጣቸው። ጅራፍ ይዞ የቆመውን አሽከር በእጃቸው መለሱት። «ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ገበታውን ልቧጭርለትና ዓይኑን ላሳርፈው፣ ጌታዬ። ፍየል እኮ እንደ ትልቅ ሰው መልኩን ሲያይ መዋል አያውቅበትም።»