«ምንም አልፈልግም» ያለችው ልብስ ሰፊ

አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ስታለብስ የኖረች ሴት ናት። ትርንጎ እንበላት። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው። ታሪኩን ስትነግረኝ «ንስሓውን ለነፍስ አባቴ ጨርሻለሁ፤ ይህን ግን አንተ ለሕዝቡ ንገርልኝ። ስሜን ብቻ ቀይርልኝ» ብላኛለች።

ትርንጎ ክፉ ሴት አይደለችም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ እንዳትፈርዱባት ነው። ክፉ ብትሆንማ ታሪኳ ለእኛ ምን ይረባናል? ስለ ክፉ ሰው ሲወራ ሁላችንም ወደ ጎረቤታችን ነው የምንዞረው።

ልጆቿ ራሳቸውን ችለው ከቤት ከወጡ በኋላ፣ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ወደ ጎረቤት አገር በጎ ፈቃደኞች ይዞ እንደሚሄድ ሰማች። እዚያ የእኛ ወታደሮች ሰላም የሚያስከብሩበት ካምፕ አለ። ፀጉር አስተካካይ፣ የጥርስ ሐኪም፣ መካኒክ፣ ልብስ ሰፊ ይፈለጋል። ለአራት ሳምንት ነው፤ ደመወዝ የለውም። ትርንጎ ሱቋን ቆልፋ ተመዘገበች። አሥራ አንድ ሆነው፣ ስንቅ በሚያመላልሰው አውሮፕላን ተሳፍረው ሄዱ።

ካምፑ ያለው ጠፍ መሬት ላይ ነው። ዙሪያው የአሸዋ ከረጢት፣ ከከረጢቱ ማዶ ሽቦ፣ ከሽቦው ማዶ ደግሞ ምንም የለም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የጀመረው ሙቀት ፀሐይ እስክትጠልቅ አይለቅም። ለትርንጎ አንድ የቆርቆሮ ኮንቴይነር ሰጧት። የስፌት መኪናዋን ወደ በሩ አስጠግታ ሥራ ጀመረች።

ሠራች፣ ወገኖቼ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ይቺ ሴት ወገቧ እስኪቆረጥ ሠራች። ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ፣ ዚፑ የተበላሸ ጃኬት፣ ብብቱ የተተረተረ ሸሚዝ፣ ሁሉም እሷ ጋ ነው። ወታደሩ ተሰልፎ ይጠብቃታል። እሷም ሰፍታ ብቻ አትሰጥም፤ «ና እስኪ፣ ልበሰውና ልየው» ትላለች። አንገትጌውን ታስተካክልለታለች። «ከስተሃል፤ ብላ እንጂ» ትለዋለች። ከቤቱ ከወጣ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ደህናውን ልብስ ቀደው የሚያመጡላት እንደነበሩ አጫውታኛለች።

በሁለተኛው ሳምንት ሽባባው የሚባል አስር አለቃ መጣ። የሚሰፋ ልብስ አልያዘም። በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያሻሻል።

«እትዬ፣ እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ።»

«ውይ፣ ጎረቤት ነና! ግባ ልጄ፣ ምን ያስቆምሃል?»

አልተቀመጠም። «እናቴ ታማለች» አላት። «ኩላሊቷ ነው። እህቴ ደውላ ‹ቶሎ ካልደረስክ አታገኛትም› አለችኝ። ፈቃድ ሞልቼ አስገብቻለሁ። ግን ከእኔ በፊት አርባ ሰው አለ።»

ወታደር ፈቃድ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቤትህን አይተህ እንድትመለስ የሚሰጥህ ዕረፍት ነው። ትርንጎ በጎ ፈቃደኛ ናት፤ በፈቃዷ መጥታለች፣ ቀኗ ሲደርስ በፈቃዷ ትሄዳለች። ልጁ ግን ያለ ፈቃድ ከዚያ ሽቦ አንድ እርምጃ አያልፍም። አንድ ቃል ነው፤ ለሁለቱ ግን ምን ያህል እንደሚለያይ ልብ በሉ።

«ታዲያ ለኮሎኔሉ ለምን አትነግራቸውም?» አለችው።

«አለቆቼን ዘልዬ እንዴት እነግራቸዋለሁ? ወረቀቱ ተራውን ጠብቆ እርሳቸው ጋ እስኪደርስ ደግሞ ቀኑ ይሄዳል። እርስዎ በየቀኑ ምሳ አብረዋቸው ይቀመጣሉ። ‹የሽባባው እናት ታማለች› ብቻ ይበሉልኝ። ሌላ ምንም አይጨምሩ፤ የቀረውን እርሳቸው ያውቃሉ።»

«ይሄማ ምን ችግር አለው ልጄ? ነገ እነግራቸዋለሁ።»

የተለመነችውን ልብ አላችሁ? የሽባባው፣ እናት፣ ታማለች። ሦስት ቃል።

በማግስቱ ምሳ ቀረበ። ኮሎኔሉ ደግ ሰው ናቸው፤ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ትርንጎን ሁልጊዜ ከጎናቸው ነው የሚያስቀምጧት፤ ያጎርሷታልም። ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ያን ጊዜ ሐሳብ መጣባት። «እንግዳ ሆኜ መጥቼ በሰው ሥራ ገባሁ አይሉኝም? እንዲህ ያከበሩኝን ሰው ዓይኔን በጨው አጥቤ ላስቸግር? ነገ ሌላውም ወታደር ሰምቶ ቢመጣብኝስ?»

ከጉርሻው ጋር ዋጠችው።

ይህን በሽታ ታውቁታላችሁ፤ ይሉኝታ ነው። በሌላ ቀን ስናወራ ጨዋነት ብለን እናሞግሰዋለን።

በማግስቱ ኮሎኔሉን ራሳቸውን አሟቸው ነበር። በሌላው ቀን እንግዶች ነበሩ። በሌላው ቀን ደግሞ ጨዋታው ደምቆ ሁሉም ይስቅ ነበርና የበሽተኛ ወሬ አምጥታ ማዕዱን ማቀዝቀዝ ከበዳት። ነገ ዛሬ ስትል ሦስተኛው ሳምንት አለቀ። ሽባባው በኮንቴይነሩ በር ሲያልፍ ቀና ብሎ ያያታል። «ነገሩልኝ?» ብሎ ግን አይጠይቃትም። እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነዋ።

እሷስ ምን አደረገች? ልቧ ስለከሰሳት ሥራ ጨመረች። የሽባባውን ሸሚዞች ሁሉ አስመጣች። ቁልፉን አጠበቀች፣ አንገትጌውን ቀየረች፣ ስሙን በክር ጠለፈችለት። ልጁ የለመናት ሦስት ቃል ነው፤ የሰጠችው አዲስ አንገትጌ ነው። እየለበሰም «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አላት።

የመሸኛው ቀን ደረሰ። ወታደሩ ተሰለፈ፤ ለበጎ ፈቃደኞቹ የምስክር ወረቀት ታደለ። ተራዋ ሲደርስ ኮሎኔሉ እጇን ያዙና ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አሏት። «ወይዘሮ ትርንጎ፣ ወታደሬን እንደ ልጅዎ ነው ያለበሱልኝ። ዛሬ የጠየቁኝን አልከለክልዎትም። ይንገሩኝ፣ ምን ላድርግልዎ?»

ሽባባው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆሟል። አየችው፤ እሱም አያት።

«ኧረ ምንም። ምንም አልፈልግም ጌታዬ። እርስዎ ብቻ ይኑሩልኝ።»

አስባ የመለሰችው እንዳይመስላችሁ። ሰው «ምን ላድርግልሽ?» ሲል «ምንም» ማለትን ከልጅነቷ ጀምራ ለምዳዋለች። እኛስ ርቦን «ብሉ» ስንባል «አሁን በልተን ነው የመጣን» የምንል ሰዎች አይደለንም? አፏ ከልቧ ቀደመ። የተከፈተላትን በር በገዛ ጨዋነቷ ዘጋችው። ኮሎኔሉ ሳቁ፤ ሰልፈኛው አጨበጨበ። ሽባባውም አብሮ አጨበጨበ።

ሻንጣዋን እስከ አውሮፕላኑ የተሸከመላት እሱ ነው። እሷ «ሄጄ እናትህን አይልሃለሁ» አለችው። «በሰላም ይግቡ» አላት። አውሮፕላኑ ስንቁን አራግፎ ባዶውን ነበር የሚመለሰው፤ የተሳፈሩት አሥራ አንዱ በጎ ፈቃደኞች ብቻ ናቸው። ትርንጎ ቦርሳዋን አጠገቧ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወንበሩን ማየት አቃታትና ቦርሳውን አንስታ እስክትወርድ ድረስ ታቅፋው ተጓዘች።

በሳምንቱ ቡሬ ሄደች። ቃሏን ለመጠበቅ ነው፤ ግማሹን እንኳ። የሽባባው እናት ወይዘሮ አንጓች መደብ ላይ ተኝተዋል። ፊታቸውም እግራቸውም አብጧል። ከልጃቸው ዘንድ መምጣቷን ሲሰሙ በሴት ልጃቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው እማማ። ያምርበታል። ልብሱን እኔ ነኝ የሰፋሁለት።»

«እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ። ፈቃድ ለምኖ ነበር?»

«ለምኗል።»

«ታዲያ ከልክለውት ነው?»

እስቲ ምን ትበል? «የሚናገርለት ሰው አጥቶ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ» ትበል? እኔ ብሆን ምን እል እንደነበር እንጃ። እናንተስ?

«አዎ እማማ፣ ከልክለውት ነው» አለች።

ሴትዮዋ አልተቆጡም፤ አልተራገሙም። ተመልሰው ጋደም አሉና «አዛዡ እናት የለውም ማለት ነው» አሉ። ኮሎኔሉ ግን እናት ነበሯቸው። በየምሳው ስለ እናታቸው ሲያወሩ ትርንጎ ከጎናቸው ተቀምጣ ሰምታለች። እኚህ ደግ ሰው ሳያውቁት፣ ሳይጠየቁ፣ በሞት አልጋ ላይ ባለች እናት ዓይን ጨካኝ ሆኑ። ማን አደረጋቸው?

ወይዘሮ አንጓች በአራተኛው ቀን አረፉ።

መርዶው ካምፑ ሲደርስ በቀጥታ ወደ ኮሎኔሉ ሄደ፤ መርዶ ተራ አይጠብቅም። በዚያው ዕለት ፈቃዱ ተፈረመ። ሽባባው ግን የደረሰው ለሠልስት ነው። ትርንጎ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጠች። ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም። እሱ ራሱ ጀመረ።

«ኮሎኔሉ ቢሯቸው አስጠርተውኝ አለቀሱ፤ እርሳቸው ራሳቸው። ‹ምነው ልጄ፣ ታማለች ብለህ አንድ ሰው እንኳ ብትልክብኝ› አሉኝ።»

ትርንጎ ጠየቀችው። «ምን አልካቸው?»

«ዝም አልኩ» አላት።

ዝም አለ። ስሟን አላነሳም። «ልኬ ነበር» ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? እናቱን ያሳጣችውን ሴት ገበና ሸፍኖ፣ ጥፋቱን ራሱ ተሸክሞ መጣ። ትርንጎ ይህን ስትነግረኝ «ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። ከዚያ ወዲህ ሱቋን ትከፍታለች፣ ትሰፋለች፤ ሰው «እጅሽ ይባረክ» ባላት ቁጥር ግን የሴትዮዋ ድምፅ ነው የሚሰማት። የምስክር ወረቀቱን አቃጥላዋለች። ማቃጠሉም አልጠቀማት።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ ደጎች ናችሁ። አውቃችኋለሁ። ይህን አዳራሽ ያሠራችሁ እናንተ ናችሁ። ለድግስ ውኃ ስትቀዱ፣ ድንኳን ስትተክሉ፣ የታመመ ስትጠይቁ አይቻለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ስትሰጡ የሰጣችሁት የተለመናችሁትን ነው ወይስ መስጠት ደስ የሚላችሁን? ትርንጎ አራት ሳምንት ሙሉ የራሷን ፈቃድ ሞላች። መስፋት አይከብዳትም፤ ሠላሳ ዓመት ሰፍታለች። የከበዳት ፊቷ የሚቀላበት ነገር ነው፣ ሦስት ቃል። የተለመነችው ደግሞ እሱን ነበር።

ከእናንተ መሀል፣ አንድ ሰው አንድ ቃል አደራ ያላችሁ የለም? «ለወንድሜ ንገሪልኝ፣ ልታረቀው እፈልጋለሁ» የተባላችሁ? «ለአለቃህ አንድ ነገር በልልኝ» የተባላችሁ? «እሺ» ብላችኋል። ነገ ብላችኋል። ያ ሰው በደጃችሁ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያያችኋል፤ አይጠይቃችሁም። እናንተም ስታገኙት ምሳ ትጋብዙታላችሁ፣ ለልጁ ልብስ ትገዙለታላችሁ። እሱም «እግዜር ይስጥልኝ» ይላችኋል። የረሳው ይመስላችኋል? አልረሳም። ይሉኝታ ይዞት ነው።

በየጸሎታችን «የእኔ ሳይሆን የአንተ ፈቃድ ይሁን» እንላለን። የእሱ ፈቃድ በሰው አፍ ተልኮ ሲመጣ ግን፣ ማዕዱ እንዳይቀዘቅዝ ብለን እንውጠዋለን።

አሁን ተነሱ እንጸልይ ልላችሁ ነበር። አልልም። ይህን ስናገር የአንድ ሰው ፊት የመጣባችሁ፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ግቢው ውጡ። ማንም ማንንም አይመልከት፤ ማንም «ምን ይሉኝ ይሆን» አይበል። ለማን እንደምትደውሉ አንጠይቃችሁም። እስክትመለሱ እንጠብቃችኋለን።

እኔም ከእናንተ ጋር እወጣለሁ። አደራ የተባልኩት ከፋሲካ በፊት ነው፤ እስከ ዛሬ አልነገርኩም።