በብርጭቆ የሄደው ቀሚስ

ሰው በገዛ እጁ ያጠፋውን በሌላ ላይ ሲያላክክ ከተያዘ፣ በእኛ ሰፈር አንድ አባባል ይወረወርበታል። አባባሉ ያረፈበት ሰው ለጥቂት ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ልጆቹም ሳይቀሩ ይቀባበሉታል፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የመጣው ከወይዘሮ አሰገደች ቁም ሣጥን ነው።

አሰገደች አንድ ሕግ ነበራት፦ ሰው ያየው ልብስ የሞተ ልብስ ነው። ለፋሲካ የለበሰችውን ለዳግማይ ትንሣኤ አትደግመውም። ጎረቤት ሠርግ ላይ ያየችውን ቀለም በሳምንቱ ካላሰፋች እንቅልፍ አይወስዳትም። አንድ ቁልፍ ከወለቀ ቁልፉን ከመትከል ሌላ ልብስ መግዛት ይቀላታል፤ መርፌና ክር የድሃ ዕቃ ይመስላት ነበር። ቁም ሣጥኑ ከመሙላቱ የተነሣ በሩ አልገጥም ብሎ በገመድ ታስሯል። ታዲያ ጥሪ በመጣ ቁጥር ገመዱን ፈታ ፊት ለፊቱ ትገተርና፣ "ምን ለብሼ ልሂድ? እርቃኔን ቀረሁ እኮ!" ብላ ታለቅሳለች። እርቃኗን ያስቀራትስ ሌላ ነገር ነበር፤ እንደርስበታለን።

እናቷ እማማ ይርገዱ ሦስት ልብስ ነበራቸው፦ የሥራ፣ የቤተ ክርስቲያንና የክት። ጋቢያቸው ሲያረጅ የልጅ ማቀፊያ ይሆናል፤ ማቀፊያው ሲሳሳ የሌማት መሸፈኛ፤ እሱም ሲበጣጠስ የኩራዝ ክር። "ሸማ አይሞትም፤ ሥራ ይለውጣል እንጂ" ይሉ ነበር። አሰገደች ይህን ስትሰማ እንግዳ እንዳይሰማባት በሩን ትዘጋለች።

የክት ቀሚሳቸውን ጥጡን ራሳቸው ፈልቅቀው፣ ራሳቸው ፈትለው ነው ለሸማኔ የሰጡት። አንድ የልደት ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጧፍ ፍንጣሪ ወርዶ ጫፉን ቢበሳው፣ ከዚያው ፈትል በተረፈው ክር በመስቀልኛ ጣፉት። ጥበቡ ላይ እንደተጨመረ አበባ ሆኖ ቀረ። ዐይናቸው ሲደክም ቀሚሱን አጣጥፈው ለአሰገደች ሰጧት።

"ይኼ ያንቺ አይደለም" አሏት። "የሠናይት ነው። ስትዳር ለመልሷ ቀን ትለብሰዋለች። አደራ።"

ሠናይት የአሰገደች አንድያ ልጅ ናት። አያቷ ስለ ቀሚሱ ሲያወሩ እየሰማች ያደገች፣ ያን ቀን በሐሳቧ ስንት ጊዜ የለበሰችው ልጅ ናት። አሰገደች ግን አደራውን ተቀብላ ከሲንቴቲክ ክምሯ ሥር ቀበረችው፤ ገልጣም አላየችው።

አንድ ከሰዓት ልዋጭ በደጅ አለፈ። አሮጌ ልብስ እየወሰደ በምትኩ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ መዘፍዘፊያ የሚሰጠው ዟሪ ነጋዴ ነው። አሰገደች በመስኮት ስታይ ከዕቃው መካከል ጠርዛቸው ወርቅ የተቀባ ብርጭቆዎች ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫሉ። ልቧ እዚያው ቀለጠ። ሮጣ ከቁም ሣጥኑ ያንን የሚያንጸባርቅ ልብሷን በእቅፍ አምጥታ ዘረገፈችለት። ልዋጩ በሁለት ጣቱ አንድ በአንድ እያነሣ መለሰላት።

"እትዬ፣ ይኼ ሁለተኛ ከታጠበ ወንፊት ነው። ይኼኛውማ ገና ሳይታጠብ ሆኗል።"

"አፍህን ሰብስብ! ስንት እንዳወጣሁበት ታውቃለህ?"

"ያወጡበትን አላውቅም፤ የሚያወጣውን ነው የማውቀው። የአገር ልብስ የለዎትም?"

አሰገደች ብርጭቆዎቹን አየች፤ ደግሞ አየች። ሠናይት ዘመናዊ ልጅ ናት፣ የአያት ቀሚስ ለብሳ ማን ፊት ትቆማለች አለች በልቧ። ልጅቷን ግን አልጠየቀቻትም። ገብታ ከክምሩ ሥር ቀሚሱን ጎትታ አወጣችው። ሰውዬው ጨርቁን ሲዳብስ ሳቁን ዋጠ፤ ማሰብ የጀመረች እንደሆነ ብሎ ፈራ መሰለኝ፣ ሳትጠይቀው ትሪውንም ጨመረላት። አጣጥፎ ከጆንያው ሥር ከተተና ወደ ኋላው ሳያይ ሄደ። አሰገደች ብርጭቆዎቹን ቡፌ ውስጥ ደረደረች። ማንም እንዳይጠጣባቸው ከለከለች፤ የሚታዩ እንጂ የሚጠጣባቸው አልነበሩም።

ከዚያ ለሠናይት ሽማግሌ ተላከ። ልጁ ጨዋ፣ ሠናይትም የምትወደው ነውና ነገሩ በአንድ ምላስ አለቀ። እማማ ይርገዱ በደስታ፣ "በይ ቀሚሱን አውጪና ፀሐይ አሙቂው" አሉ።

አሰገደች ለውሸቷ የምታለብሰው ልብስ አላጣችም።

"እማዬ፣ እንዳታዝኚ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ገመድ ላይ አስጥቼው ሌባ ወስዶታል። እኔ እንጃ፣ ያቺ ልብስ አጣቢያችን ጥሩወርቅ ሳትሆን አትቀርም።"

ጥሩወርቅ በዚያው ቀን ከሥራዋ ተባረረች። ሰፈሩ በሙሉ ፊት ነሣት፤ ልብሱን የሚሰጣት ጠፋ። እማማ ይርገዱ አለቀሱ፣ ሠናይትም አለቀሰች። አሰገደችስ? ለሠርጉ የምትለብሰውን ቀለም ትመርጥ ነበር።

የሠርጉ ቀን የሚቆረጥበት ዕለት ደረሰ። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ታንጉት ከሽማግሌው ከጋሽ ዘለቀ ጋር መጡ። አሰገደች ስትራመድ የሚንኮሻኮሽ አረንጓዴ ነገር ለብሳ በር ላይ ተቀበለቻቸው። ወይዘሮ ታንጉት ነጭ የአገር ልብስ ለብሰዋል። እጥበቱ ያማረ፣ እጥፋቱ የተስተካከለ፣ ዐይን የሚያሳርፍ።

"ውይ ሲያምር! የት አሠሩት?" አለች አሰገደች።

ቀሚሱን አላወቀችውም። ገልጦ ያላየ ሰው በምን ያውቃል?

"ኋላ አጫውትሻለሁ፤ የራሱ ወሬ አለው" አሉ ወይዘሮ ታንጉት እየሳቁ፣ ከእማማ ይርገዱ አጠገብ ተቀመጡ።

ጠጅ ቀረበ። ወጉ በብርሌ ነበር፤ አሰገደች ግን ብርሌዎቹን ደብቃ ወርቅ ጠርዞቹን ብርጭቆዎች በትሪያቸው ይዛ ብቅ አለች።

"ጠጅ በብርጭቆ?" አሉ ጋሽ ዘለቀ። "እንግዲህ ዘመኑ ነው፤ እንጠጣዋ።"

ገና የመጀመሪያው ጉንጭ ሳይዋጥ የወይዘሮ ታንጉት ብርጭቆ ከሥሩ አለቀሰ። ጠብ፣ ጠብ እያለ ጠጁ ነጩ ቀሚሳቸው ላይ ወረደ። እማማ ይርገዱ ድምፁን ሰምተው በነጠላቸው ጫፍ ሊጠርጉላቸው ጎንበስ አሉ። እጃቸው ቀሚሱን ተከትሎ እስከ ጫፉ ወረደና ቀጥ አለ። ጣታቸው መስቀልኛዋን ስፌት አንዴ ዞራት፤ ደገመና ዞራት።

"የጧፍ ቀዳዳዬ!" አሉ። "ይኼ ፈትል የኔ ነው! ሠናይት፣ ነይ ልጄ፣ ቀሚስሽ ተገኘ!"

ሠናይት ሮጣ መጥታ ተንበረከከች። ሁሉም አሰገደችን አየ። በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤ "አጥፍቻለሁ" ብትል ሽማግሌ አለ፣ ይቅርታም አለ። እሷ ግን ወገቧን ያዘች።

"ወይዘሮ ታንጉት! የተሰረቀ ልብስ ለብሰው ነው ልጄን ሊጠይቁ የሚመጡት? ከጥሩወርቅ ነው አይደል የገዙት?"

ወይዘሮ ታንጉት ተነሡ። ጋሽ ዘለቀም ከዘራቸውን ፈለጉ። ሠናይት ትዳሯ ዐይኗ እያየ ከበር ሊወጣ መሆኑን አይታ የወይዘሮ ታንጉትን ጉልበት ያዘች።

"በእናታችሁ ተቀመጡ! ትንሽ ብቻ ተቀመጡ!"

"ለአንቺ ስል እናገራለሁ፣ ልጄ" አሉ ወይዘሮ ታንጉት። "ጥሩወርቅ የምትባል አላውቅም። ይኼን ከልባሽ ተራ ነው የገዛሁት፤ አላፍርበትም። በእንዶድ አጥቤ፣ የላላውን አጥብቄ ነው የለበስኩት፤ እንዲህ ያለ ፈትል ዛሬ ከየት ይመጣል? የሸጠልኝ ልዋጭ ባለቤቲቱን እያነሣ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። 'እመቤቲቱ ጠርዙ ወርቅ በተቀባ ብርጭቆ ለወጠችኝ፤ አንዱ ሥሩ የተሰነጠቀ ነው፣ ከብልጭልጩ በቀር ምንም አላየችም' አለኝ።"

ይህን ብለው ብርጭቋቸውን ከፍ አደረጉ። ጠርዙ አብለጨለጨ። ከሥሩ አንዲት የጠጅ ጠብታ ተንጠልጥላ ቆየችና ወደቀች።

ሠናይት ወደ እናቷ ዞረች።

"እማዬ፣ ጥሩወርቅስ?"

አሰገደች ቀላች፣ ጠቆረች። አሁንም አንድ ቃል ይበቃት ነበር። እሷ ግን መሬቱን በእግሯ መታች።

"ልዋጩ ነው! አታሎኝ ነው፤ የተሰነጠቀ ብርጭቆ ሰጥቶኝ! ሌባ! ዋናው ሌባ እሱ ነው! ዛሬ አስይዘዋለሁ!" ብላ አረንጓዴ ልብሷን እያንኮሻኮሸች በሩን በርግዳ ወጣች። "ልዋጭ! አንተ ልዋጭ!" የሚለው ጩኸቷ ከመንገዱ ይሰማ ነበር። ጎረቤቱ የሚለወጥ ልብስ ያላት መስሎት አልዞረላትም።

ወይዘሮ ታንጉት ሠናይትን ከወለሉ አነሧት።

"ሠርጉ አይቀርም፣ ልጄ፤ ቀኑንም ዛሬውኑ እንቆርጣለን። ቀሚሱን አጥቤ ለመልስሽ አመጣልሻለሁ። አንቺ ደግሞ ነገ በማለዳ ጥሩወርቅ ቤት ሂጂ፤ እናትሽ የማትጠይቀውን ይቅርታ አንቺ ጠይቂ።"

ጋሽ ዘለቀ ከዘራቸውን መልሰው አስቀመጡ።

"ቀኑስ ይቆረጣል። ግን እመት ይርገዱ፣ ይኼ ጩኸት ሰፈሩን አዳርሷል። ሰው ምን ሆናችሁ ብሎ ሲጠይቀን ምን ብለን እንመልስ?"

እማማ ይርገዱ እጃቸውን ከመስቀልኛዋ ስፌት ላይ ሳያነሡ፣ የልጃቸው ጩኸት እየራቀ ሲሄድ ጥቂት አዳመጡና፣ "ምን ያስጨንቃችኋል፤ ቀሚሷን በብርጭቆ ለውጣ፣ ሌባ ፍለጋ ወጣች በሏቸው" አሉ።