የትርንጎ አውራ በጎች

በእኛ በኩል፣ ገና ከመንገድ በገባ ሰው ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል ሲገኝ ሽማግሌዎች አንዲት ቃል ጣል ያደርጉበታል። ቃሏ እንዲያው አልመጣችም፤ ትርንጎ ከምትባል የመንዝ ሴት ጋር ነው የመጣችው።

ትርንጎ አሥራ አንድ አውራ በጎችን ለዘር መርጣ ለማሳደግ አራት ዓመት ፈጅቶባታል። አንድ የወሎ አርቢዎች ማኅበር ሊወስዳቸው ተስማማና በአይሱዙ ጭና መጣች። መንገዱ ኮረኮንች፣ ፀሐዩ እሳት ነበር። በጎቹ ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ ሲንገላቱ ውለው፣ ሲወርዱ ጉልበታቸው ይብረከረክ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ይመር ግን ፋታ አልሰጡም። የእንስሳት ሐኪሙን ጠርተው እዚያው መኪናው ሥር ደም አስቀዱ።

ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ ሲመለስ ግንባሩን ቋጥሯል። «ነጩ የደም ሕዋስ በዝቷል፤ ደማቸውም ወፍሯል።»

«በሽተኞች ናቸዋ!» አሉ አቶ ይመር። «መንጋችንን ሳይጨርሱ ዛሬውኑ ይታረዱ።»

ትርንጎ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ በጎቹ ፊት ቆመች።

«ጋሼ ይመር፣ እነዚህ ደንግጠዋል፣ ተጠምተዋል እንጂ አልታመሙም። ከመንጋችሁ ለይቼ አራት ቀን ላሳርፋቸው። ያኔ ደማቸው ይታይ።»

«ካልተሻላቸውስ?»

«ቢላውን እኔው ራሴ አቀብላለሁ።»

አቶ ይመር እያመነቱ ፈቀዱላት። በማግስቱ አንዱ በግ ወድቆ አልነሳ አለ። ሰዉ «ይኸው!» አላት። እሷ ራሱን ጭኗ ላይ አስደግፋ በእፍኟ ውሃ ስታጠጣው ዋለች። ለሌሎቹም ጥላ ሠራች፤ ሣር አጭዳ አቀረበች፤ ሰው እንዳይጠጋቸው ከለከለች። በሦስተኛው ቀን የወደቀው ተነስቶ ሣር ነጨ።

በአራተኛው ቀን ደማቸው እንደገና ተቀዳ። ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለቴ አየው።

«ሁሉም ደህና ነው። ደማቸውን ያዛባው ድንጋጤና ጥም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳያርፉ መቅዳት አልነበረብኝም።»

ትርንጎ እመሬት ላይ ቁጭ አለች። አቶ ይመር አንገታቸውን ደፍተው የመንጋውን በረት በገዛ እጃቸው ከፈቱ። ይህን ሁሉ ከአጥሩ ጥግ ሆነው ሲያዩ የሰነበቱት የአገሩ አንጋፋ አርቢ፣ ሼህ እንድሪስ፣ ወደ እሳቸው ዞር ብለው፣ «አየህ ይመር፣ በግ ከመኪና ቢወርድም፣ ደሙ ገና መንገድ ላይ ነው» አሉ።