ጦጣና ሦስተኛው ዋንጫ

ተረት ተረት፤ የሐይቅ ዳር መሠረት።

አንድ ታንኳ ቀዛፊ ጦጣ ነበር። አንድ ቀን ትንሿን ልጁን ይዞ ለድግስ ወደ ከርከሮ ቤት ተሻገረ። ከርከሮ እንግዳውን ሳያጠግብ የማይለቅ ደግ ነበር።

«ጠጣ እንጂ፣ በሞቴ!» አለው። ጦጣ ጠጣ።

«ድገም፣ በሞቴ!» ደገመ።

በሦስተኛው ጦጣ ዋንጫውን መለሰ። «ይብቃኝ ጋሼ፣ መቅዘፍ አለብኝ።»

«አንተ ነህ ማዕበል የማትፈራው? ጠላ ፈራህ?» አለ ከርከሮ፤ ወደ ልጅቱም እያመለከተ «እሷ ትሙት፣ ጠጣ!»

እንግዶቹ ሳቁ። ጦጣ ማፈርን ፈራና ጨለጠው።

ሲመለሱ ልጅቱ «አባዬ፣ ወደ ድንጋዩ እየሄድን ነው» አለች።

«መንገዱን ልታስተምሪኝ ነው? ዝም በይ!» አላት።

ታንኳው ድንጋዩን መታና ተገለበጠ። ጦጣ ዋኝቶ ወጣ፤ ልጁ አልወጣችም።

ለቅሶው ላይ ከርከሮ «ጉማሬ ነው የገለበጣቸው» አለ። ለቀስተኛው ሁሉ ጉማሬን ረገመ። ጦጣ ሰምቶ ዝም አለ።

በሦስተኛው ቀን ጉማሬ ራሱ ለቅሶ መጣና ከጎኑ ተቀመጠ። «ወንድሜ፣ ያን ቀን እዚያ አልነበርኩም። ታውቃለህ አይደል?» አለው ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ» አለ ጦጣ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ያን ጊዜ ከርከሮ ምግብ ይዞ ቀረበ። «እህል ቅመስ እንጂ፣ በሞ…» ብሎ ቃሉን ዋጠው።

ጦጣ ተነሣ። «ጉማሬ አይደለም» አለ ሁሉም እንዲሰማ። «ጠጥቼ የቀዘፍኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ ጉማሬን የረገመ የለም። ጦጣንም ቀና ብሎ ሲሄድ ያየው የለም።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በውሃ አብሱ።