የጋሽ ተካልኝ ጉሮሮና የዝንጅብሉ ጣጣ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ። በኛ ሰፈር ላም ከየት ይመጣል? «የኔትወርክ እጥረት!» በሉኝ። አዎ፣ እንደዚያ! አሁን ተመቻችታችሁ ተቀመጡ።

ታላቅ ወንድሜ ጋሽ ተካልኝ የሰፈራችን ሽማግሌ ነው። የእህቴ ልጅ መልካሙ ደግሞ ፌቨንን ወደደ፣ እሷም ወደደችው። አባቷ አቶ ግዛቸው ግን «ዛሬ ከሰዓት ተካልኝ ራሱ መጥቶ ካልጠየቀኝ፣ ነገ ሌላ ሰው ለላካቸው ሽማግሌዎች እሺ እላለሁ» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። የወንድሜ ድምፅ ደግሞ መጥፊያ ቀን ያጣ ይመስል በዚሁ ሰሞን ጠፋ።

እንዴት ጠፋ? ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ፍሪጁ ተበላሸበትና ወደ ገዛበት ሱቅ ደወለ። አንዲት ሴት «ክቡር ደንበኛችን፣ እባክዎ በትዕግስት ይጠብቁ» አለችው። «እሺ ልጄ» አላት። ጠበቀ። «እባክዎ በትዕግስት ይጠብቁ» አለችው። «የኔ ልጅ፣ ሥጋው ሊሸትብኝ ነው እኮ!» አላት። ለመናት፣ መከራት፣ ተቆጣት፣ በመጨረሻ ኔትወርኩ ድርግም ብሎ እስኪጠፋ ድረስ ጮኸባት። ያቺ ሴት ቴፕ መሆኗን ያወቀው ድምፁ ካለቀ በኋላ ነው። «ጉሮሮው በራሱ ይከፈታል» ብለን ብንጠብቅ፣ ወይ ፍንክች።

መድኃኒቱማ ምን ይጠፋኛል! ዝንጅብል ነዋ። አንድ ጉማጅ ዝንጅብል አጥቤ ይዤ መጣሁ። ወንድሜ እጁን ዘረጋ። እኔም እጁን ቸብ አደረግሁት።

«ተው ወንድም ጋሼ፣ ገና አልተፈጨም!»

በጣቱ ጥርሱን ነካ ነካ አደረገ።

«ጥርስህንም አመመህ? እሱን በቅርንፉድ እናስታግሰዋለን፣ ቆይ።»

ጽፎ እንዳያስረዳኝ መነጽሬ ተሰብሯል። አዲሱን በስልክ ካዘዝኩ ሰንብቻለሁ፤ «በመንገድ ላይ ነው» ይሉኛል። በእግሩ ነው መሰለኝ የሚመጣው።

ሙቀጫ ትሉኝ ይሆናል። ሙቀጫውን ልጄ ሥሩን በስታ አበባ ተክላበታለች። «ዴኮር ነው፣ እማ» አለችኝ። በምትኩ ብሌንደር ተገዝቷል። ዝንጅብሉን ከተትኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ዝም። «ዙር እንጂ አንተ!» አልኩት። ብሌንደሩ «ያለ መብራት አልዞርም» አለ።

ወደ ቆጣሪው ሄድኩ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ይላል። «አብራ እንጂ!» አልኩት። ቆጣሪው «ያለ ካርድ አላበራም» አለ። ጎረቤት ልጠጋ ብል እነሱም ጨለማ ውስጥ ናቸው።

እንግዲህ ቆጣሪው ያለ ካርድ አላበራም አለ፣ ብሌንደሩ ያለ መብራት አልዞርም አለ፣ ዝንጅብሉ ሳልፈጭ አልገባም አለ፣ ጉሮሮው ያለ ዝንጅብል አልከፈትም አለ፣ መልካሙም ያለ ሚስት ሊቀር ነው!

ካርዱን ይዤ ወደ ከድር ሱቅ በረርኩ። ካርድ የሚሞላልን እሱ ነው።

«ከድርዬ፣ ሙላልኝ ቶሎ!»

«እትዬ አስካለ፣ ኔትወርክ የታለ ብለው ነው? ይኸው ሰፈሩ ሁሉ ካርዱን እዚህ ጥሎልኝ ሄዷል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መተግበሪያውን ያውርዱ ብለዋል።»

«በምን ላውርደው?»

«በኔትወርክ ነዋ!»

ሳቄ መጣ፣ ንዴቴም መጣ፣ ሁለቱም አፌ ላይ ተጋጩ። ቤት ተመልሼ ለወንድሜ ነገርኩት። ካርዱ ያለ ኔትወርክ አልሞላም አለ፣ ቆጣሪው ያለ ካርድ አላበራም አለ፣ ብሌንደሩ ያለ መብራት አልዞርም አለ፣ ዝንጅብሉ ሳልፈጭ አልገባም አለ፣ ጉሮሮህ ያለ ዝንጅብል አልከፈትም አለ፣ መልካሙም ያለ ሚስት ሊቀር ነው! ወንድሜ ጥርሱን አሳየኝ፣ ዝንጅብሉን አሳየኝ፣ መልሶ ጥርሱን አሳየኝ።

«ፈገግ በይ ማለትህ ነው? በዚህ ሰዓት ምን ያስፈግጋል?» ብዬው ወጣሁ።

የኔትወርኩ ታወር ያለው ኮረብታው ላይ ነው። ታወሩ የሚሠራበትን ጄኔሬተር የሚያስነሳው ጠባቂው ደምሰው ነው። ደምሰው ግን ኮረብታው ላይ የለም፤ ነጠላ ጫማውን አድርጎ ከራሱ ቤት በር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ምነው ደምሰው፣ ሰው በጨለማ ሲያልቅ?»

«ያለ ቁልፍ ልሂድ እንዴ እትዬ? ቁልፉን እታፈራሁ ደብቃዋለች። ከቤትም አስወጥታኛለች።»

«ምን አድርገሃት?»

«ሻይ ገዝቼላት።»

በሩን ደበደብኩ። ሚስቱ እታፈራሁ ከውስጥ ሆና «ምን ዓይነት ሻይ እንደሆነ ይንገርዎት!» ብላ ጮኸች።

ደምሰው አንገቱን ደፋ። «ቦርጭ የሚያጠፋ ነው። ማስታወቂያው "ለሚወዷት" ስለሚል ነው እኮ...»

«ለልደቴ ነው የሰጠኝ፣ እትዬ! ለልደቴ! ሽማግሌ ተቀምጦ ሳይሰማኝ ቁልፍ የለም። እሱም ጋሽ ተካልኝ ነው፣ ሌላ አልፈልግም።»

ወይ ጉድ! አሁን ስሙኝ። እታፈራሁ ያለ ሽማግሌ አልሰጥም አለች፣ ደምሰው ያለ ቁልፍ አልሄድም አለ፣ ኔትወርኩ ያለ ደምሰው አልመጣም አለ፣ ካርዱ ያለ ኔትወርክ አልሞላም አለ፣ ቆጣሪው ያለ ካርድ አላበራም አለ፣ ብሌንደሩ ያለ መብራት አልዞርም አለ፣ ዝንጅብሉ ሳልፈጭ አልገባም አለ፣ ጉሮሮው ያለ ዝንጅብል አልከፈትም አለ፣ ሽማግሌው ደግሞ ያ ጉሮሮው የተዘጋው ሰውዬ ራሱ ነው! መልካሙም በቃ፣ ያለ ሚስት ቀረ!

«እታፈራሁ የኔ እናት፣ ተካልኝ እኮ ድምፅ የለውም» አልኳት።

«ለመስማት ድምፅ ምን ያደርግላቸዋል?» አለችኝ።

ሄጄ ወንድሜን ክንዱን ይዤ አመጣሁት። መንገድ ላይም ጥርሱን እያሳየ ነበር። «ራበህ እንዴ? ስንመለስ ትበላለህ» አልኩት።

ወንድሜ ተቀመጠ፣ እታፈራሁም ጀመረች። ስለ ሻዩ ተናገረች። ከሻዩ በፊት ስለነበረው የፊት ቅባት ተናገረች። ከቅባቱ በፊት ስለነበረው፣ እሷ ስትናገር እሱ ስልኩን ስለመነካካቱ ተናገረች። ወንድሜ ለባለትዳር ሴት ሁሉ እንደሚለው «ቻይው ልጄ» ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው «ህእእእ» ብቻ ነው።

«አዎ! ህእእእ ያሰኛል እኮ!» ብላ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ጋሼ፣ ሳያቋርጠኝ የሰማኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ደምሰውም በሩ ላይ ቆሞ እየሰማ ነበር። «አጥፍቻለሁ እታፉ» አላት፤ ስልኩንም አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠ። እሷ ተነስታ ያንን የሻይ ፓኬት አመጣችና ቁልፉን ከውስጡ መዘዘች። ማንም እንደማይከፍተው ታውቃለቻ!

ከዚያማ ማን ይቻለን! ተካልኝ ዝም ቢል እታፈራሁ ቁልፉን ሰጠች፣ ቁልፉ ደምሰውን ወደ ኮረብታው አስሮጠ፣ ደምሰው ኔትወርኩን አመጣ፣ ኔትወርኩ ካርዱን ሞላ፣ ካርዱ ቆጣሪውን ቀሰቀሰ፣ መብራቱ ብሌንደሩን አዞረ፣ ብሌንደሩ ዝንጅብሉን ፈጨ። አፈላሁት፣ ማር ነው ብለው የሸጡልኝንም ስኳር ጨመርኩበት። ወንድሜ ጭልጥ አድርጎ ጠጣ። ዝንጅብሉም ጉሮሮውን ከፈተ!

የመጀመሪያ ቃሉ ምን መሰላችሁ?

«አስካለ! ጥርስ አለኝ እኮ! ጥርስ! ስጪኝና አኝኬ ልዋጠው ስልሽ፣ ስልሽ...»

«ታዲያ አትናገርም?» አልኩት።

ለመናደድ ጊዜ አልነበረንም፤ መልካሙን ይዘን ወደ አቶ ግዛቸው ቤት በረርን። ጋሽ ተካልኝ ወትሮ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ያን ቀን ግን ዝንጅብሉ ጉሮሮውን እያቃጠለው «ልጅህን ለልጃችን እንድትሰጠን መጥተናል» ብሎ ዝም አለ። አቶ ግዛቸውም ጠበቁ፣ ጠበቁና ራሳቸው ጀመሩ። «እናቷ ከሞተች ወዲህ ይቺ ልጅ ናት የቤቴ ድምፅ። እሷ ከወጣች ከማን ጋር አወራለሁ ብዬ ነው የፈራሁት፣ ተካልኝ።»

ወንድሜ አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱ ወንበሩን ወደሳቸው ጠጋ አደረገ። «ከኔ ጋር ነዋ» አላቸው። «በየማታው እመጣለሁ። አንተ ታወራለህ፣ እኔ እሰማለሁ።»

አቶ ግዛቸው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «በሉ፣ ሰጥቻችኋለሁ» አሉ። እልልታዬን እኔ ለቀቅሁት! መልካሙም ባለ ሚስት ሆነ።

መነጽሬ ግን አሁንም በመንገድ ላይ ነው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዝንጅብል አብሱ። ኧረ ሳትፈጩት!