ከቀለም የተረፈችው ጥጃ

አንድ ሹም አንድን የመንግሥት ፓርክ እንዲያስተዳድር ተሾመ። በፓርኩ ውስጥ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ በበጋ የማይነጥፍ ምንጭና አንድ ትልቅ ዋሻ ነበሩ። በዋሻው ግድግዳ ላይ ማን እንደሳላቸው የማይታወቅ አሥራ ሁለት ላሞች አሉ። በጣም ከመደብዘዛቸው የተነሣ ለማየት ዓይንን ማለማመድ ያስፈልግ ነበር። ይህን ሁሉ ሠላሳ ዓመት የጠበቀው ጋሽ ዘርጋው የሚባል ሰው ነው።

ደኑን ለእርሻ የሚመኙ ሰዎች «ተመንጥሮ ሰሊጥ ይዘራበት» ብለው አመለከቱ። ስለዚህ አንዲት ታላቅ ባለሥልጣን ቦታውን በዓይኗ አይታ እንድትወስን ከዋናው ከተማ ተላከች። ይቆይ ካለች ይቆያል፤ ይመንጠር ካለች በሳምንቱ መጥረቢያ ይገባል።

መቼም እንግዳ ይመጣል ሲባል የሚሆነውን ታውቃላችሁ። አጥር ይቀባል፣ የመንገድ ዳር ድንጋይ በኖራ ይነጣል። ሹሙም ይህንኑ አደረገ። ቀለም ስለተረፈው ደግሞ ወደ ዋሻው ሄደ።

«ጋሽ ዘርጋው፣ እነዚህ ላሞች ለእንግዳ የሚታዩ ናቸው? አጥንታቸው እኮ ነው የቀረው! በቀይ ቀለም ይደመቁ» አለ።

«ኧረ በፈጠረዎ ጌታዬ! አረጁ እንጂ አልቆሸሹም። አንዴ ከተነኩ የሳላቸውን ሰው ከየት እናመጣዋለን?»

«እኔ እኮ ለደኑ ብዬ ነው! እንዲህ ደብዝዘው ካየቻቸው ባዶ ግድግዳ ነው ብላ ታስመነጥረዋለች። ነገ ቀቢው ይመጣል። እምቢ ካልክ ቦታህን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

ጋሽ ዘርጋው እሱ ቢባረር ለደኑ የሚቆም እንደማይኖር አሰበና ቀቢው ሲመጣ ዋሻውን አሳየው። በዋሻው ጥግ ግን፣ ከእሾሃማ ቁጥቋጦ ጀርባ፣ መዳፍ የምታህል አንዲት ጥጃ ተስላ ነበር። ከእሱ በቀር የሚያውቃት የለም። ቀቢው «ከዚያ ጀርባስ ምን አለ?» ሲለው «እሾህ ብቻ ነው» ብሎ መለሰለት።

ላሞቹ በተቀቡ ማግስት እንግዳዋ መጣች። ላሞቹ ከሩቅ ያበራሉ። ሹሙ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። እንግዳዋ አንዷን ላም በጣቷ ነካ አደረገቻት። ጣቷ ቀላ።

«ይህን ማን ሳለው?»

«የጥንት ሰዎች ናቸው እመቤቴ። እኛ ትንሽ አደስነው።»

«ትንሽ?» አለችና ጣቷን አሳየችው። «አዲስ ቀለምማ ከተማችን ሞልቶ የለ! ሁለት ቀን ሙሉ የተጓዝኩት የጥንቱን ለማየት ነበር። እናንተው ራሳችሁ ካጠፋችሁት እኔ ምን አይቼ ይቆይ ልበል?»

ይህን ብላ ወደ መኪናዋ ዞረች። የሹሙ ፊት አመድ መሰለ። ይኼኔ ጋሽ ዘርጋው እሾሁን በባዶ እጁ ገለጠው።

«እመቤቴ፣ እባክዎ ይቺን ይዩልኝ።»

እንግዳዋ ተመልሳ ተንበረከከች። ጥጃዋ ልትጠባ አንገቷን ወደ ላይ ዘርግታለች። ከአፏ በላይ ያለችው ላም ግን በትኩሱ ቀለም ሥር ጠፍታለች።

«እናቷስ የታለች?» አለች እንግዳዋ።

ጋሽ ዘርጋው እሾህ የወጋውን ጣቱን ወደ ቀለሙ ቀሰረ።

ደኑ አልተመነጠረም። እሱን ያተረፈችው ሳትቀባ የቀረችው ያቺ ጥጃ ናት። እንግዳዋ ሹሙን አልሻረችውም፤ ለሚመጣው ጎብኚ ሁሉ ከቀለሙ ሥር ምን እንደነበረ በራሱ አፍ እንዲናገር ግን አዘዘችው። ጎብኚው ሁሉ ያንኑ ይጠይቀዋል። «እናቷስ?» ይለዋል። ሹሙም አንገቱን ደፍቶ «እኔ ነኝ የቀባኋት» ይላል።

ዓይን እኩላለሁ ብሎ ማጥፋት ይሏል ይኼ ነው! ቅርስን የሚያጠፋው ክፉ ሰው ብቻ አይደለም፤ የቸኮለ ደግ ሰውም ያጠፋል። የተረከብነውን ደንና ታሪክ መጠበቅ ማለት እርጅናውን ጭምር ማክበር ነው። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ እናንተስ እንግዳ ይመጣል ብላችሁ የቀባችሁት ነገር የለም?